የጥርስ ሐኪሙ ሽጉጥ

በአፌ ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ ከኋላ ያለው መንጋጋዬ የአንሰል ክራውደር ሥራ ነው። ሥጋ ባኘክሁ ቁጥር የምጠላው ሰው አብሮኝ ያኝካል ማለት ነው። ቢነቃነቅ፣ ወይ ድዴን ቢያሳብጠው ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። አይነቃነቅም። ሰውዬው እንዲህ ነው፤ የነካው ሁሉ እንከን አይወጣለትም። እኔም ለምን እንደምጠላው ለሰው ላስረዳ ስጀምር ምክንያቱ አፌ ላይ ይሟሟብኛል።

ክራውደር የጥርስ ሐኪም ነበር። ከዴንቨር መጥቶ እኛ ከተማ ጥቂት ጊዜ ሠራና ጡረታ ወጣ። ወንዙ ዳር ቤት ገዛ፣ ባርኔጣ ገዛ፣ ቦት ጫማ ገዛ፤ በመጨረሻም ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ገዛና ወደ ተኳሾች ማኅበራችን መጣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኸኛው አንጥፉልኝ እንኳ አላለም፤ ሰዉ ራሱ ተሽቀዳድሞ አነጠፈለት። ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል። እኔ ክራውደር እለዋለሁ።

ማኅበራችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰበው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው አሮጌ የጠጠር ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዋዮሚንግ ነፋስ እንጂ ሌላ ነገር ሞልቷት ስለማያውቅ፣ ከነፋሱ የሚከልል ቦታ ያ ብቻ ነው። በአያቶቻችን ዘመን ልብስ፣ በአያቶቻችን ዘመን ዓይነት ሽጉጥ የብረት ሰሌዳ እንመታለን፤ ሰዓት ይያዝብናል፤ ከዚያ በመኪናዎቻችን ጀርባ ላይ ቺሊ ወጣችንንና ፓይ ዳቧችንን ዘርግተን እየበላን እንሰዳደባለን። ተኩሱ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ቤት ውስጥ፣ ብረት በሚቆነጥጠው ሞርሳ ላይ የሚሠራው ነው። ከፋብሪካ የወጣ ሽጉጥ ከፋብሪካ እንደወጣ ጫማ የማንም እግር አይደለም። ያንተ የሚሆነው ከፍተህ፣ ውስጡን በመሳያ ድንጋይ አለስልሰህ፣ ጥይቱን የሚመታውን የመዶሻውን ሞላ አቅጥነህ፣ እጀታውን በመዳፍህ ልክ ቀርጸህ ስትጨርስ ነው። የእኔ እጀታ ራሴ ካደንኩት አጋዘን ቀንድ የወጣ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል። ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

ጥሩ ሥራ በጆሮ ይለያል። መዶሻውን በአውራ ጣትህ ወደ ኋላ ስትስበው አራት ጊዜ ቀጭ ይላል። ያልተሠራ ሽጉጥ ከሆነ አራቱ ድምፅ እንደ ሰካራም እርምጃ ነው፤ አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ይደናቀፋል። በደንብ የተሠራ ሲሆን ግን የሠለጠነ ፈረስ በድልድይ ላይ ሲያልፍ እንደምትሰማው ነው።

በእኛ አገር ይህን የሚያውቅበት ሰው ኦሪን ፕሩት ነበር። ሱቁ ከመኖ መደብሩ ጀርባ ናት። ጠረጴዛው ከፈረሰ ድልድይ እንጨት የተሠራ ነው፤ ሞርሳው እላዩ ላይ ነው፣ ድንጋዮቹ በመሳቢያው ውስጥ፣ ራሱ የቀጠቀጣቸው መያዣዎች በግድግዳው ላይ። የዚያ ጠረጴዛ ባለቤት የሆነ ሰው እኛ ዘንድ ሰው ነው። ቁርስ ቤት ሲገባ ከሸሪፉ በፊት ወንበር ይሳብለታል።

እኔ ደግሞ እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት። ትምህርቴን ጥዬ ስገባ ጢሜ አልበቀለም ነበር። ጠረግሁ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ብሎን ፈታሁ። ኋላ ኋላ ደግሞ ሽማግሌው ዞር ሲል ድንጋይ ማንሳት ጀመርኩ። አንድ ቀን በርት ሃሎራን የሚባል ባለ ከብት ሽጉጡን ሊወስድ ሲመጣ ምላጩን እያለሰለስኩለት ደረሰ። ኦሪን በሰውዬው ፊት ከእጄ ላይ ወሰደውና፣ «ቨርሊን፣ አንተ መጥረጊያው ላይ ጎበዝ ነህ» አለኝ። ሃሎራን ሆዱን ይዞ ሳቀ። በማግስቱ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዬ ያለቀው በአውራጃው የመንገድ ማስተካከያ ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ላይ ተቀምጠህ ቀኑን ሙሉ አቧራ ስትገፋ የማሰቢያ ጊዜ አታጣም። ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ያመነዥካል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ያመነዥካል።

ክራውደር እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ወደ ማኅበሩ በመጣ በወሩ ነው።

መጥረጊያ እንኳ ሳይነካ! ጥርስ የሚያይባትን ትንሿን መስታወት ይዞ መጣ፤ በእሷ እያየ የሽጉጡን ሆድ ዕቃ ይመረምራል። እነዚያን ቀጫጭን የጥርስ መፋቂያ ብረቶቹንም አመጣ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ አየሁት፤ ሁለቱ ራስ ለራስ ገጥመው አንዲት ብረት ላይ አፍጥጠዋል።

«ቨርሊን፣ ና እስቲ፣ የዚህን ሰው እጅ እይ» አለኝ ኦሪን። «ሠላሳ ዓመት የሰው አፍ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ እጁ መንቀጥቀጥ የሚባል ነገር አያውቅም።»

«የአፉ ባለቤት ደንዝዞለታል እኮ» አልኩ።

ክራውደር ከልቡ ሳቀ። ይኸም ሌላው ችግሩ ነው፤ ስትወጋው ይስቃል።

ማኅበሩ ውስጥማ ከዚያ በኋላ መቀመጫ አጣሁ። ሰዓት የሚይዘው ጉስ ሊንድክቪስት፣ ሆዱ ከቀበቶው የሚቀድም ሰውዬ፣ የተኩስ ተራዬ በደረሰ ቁጥር፣ «ቨርሊን! ሽጉጥህ ዛሬም ታቃስታለች። ዶክተሩ ጋ ወስደህ አታስነቅላትም?» ይላል። ሰዉ ይስቃል። እኔም ጥርሴን ገልጬ አብሬ እስቃለሁ፤ ጥርሴ ደግሞ የማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። የናዲን ነው ያልቻልኩት።

ናዲን ሚስቴ ናት። እሷም ትተኩሳለች። እጇ ትንሽ ስለሆነ የሽጉጧ መዶሻ ይከብዳታል፤ አንድ ጊዜ ለመሳብ አውራ ጣቷን ሁለት ጊዜ ታስተካክላለች። «እሠራልሻለሁ» ስላት ኖሬአለሁ። ልሠራላትም ነበር፤ ጊዜው አልገጠመም እንጂ። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ሽጉጧን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ባዶውን አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ሳበው እስቲ» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ዶክተር አንሰል ሠራልኝ። ገንዘብም እምቢ አለ፣ የሩባርብ ፓይ ሰጠሁት። ሳበው።»

«ሽጉጥ ሽጉጥ ነው፣ ናዲን። ምን አዲስ ነገር አለው?»

«ፈራህ?»

«እጄ ቆሽሿል» ብዬ ልታጠብ ገባሁ። ውሃው እየፈሰሰ ከኋላዬ ሰማሁት። አራት ጊዜ። አንዱ ከሌላው አይቀድም፣ አንዱ ከሌላው አይቀር። ሳሙናውን ጣልኩት። ሌላ ሰው ሚስቱ ከሌላ ወንድ ጋር ስታንሾካሹክ ቢሰማ እንዲህ ይሆን ይሆናል፤ እኔ እንጃ። ከዚያ ወዲህ በሴቶቹ ምድብ ናዲንን የሚቀድማት ጠፋ፤ ሰዉም ሲያጨበጭብ «የዶክተሩ ሥራ!» ይላል። የቨርሊን ሚስት የሚል የለም።

በነሐሴ ኦሪን የማኅበሩን ሰዎች ሰብስቦ እጆቹን አሳየን። እንደ ቅጠል ይርገፈገፋሉ።

«እነዚህ ከእንግዲህ ድንጋይ አይዙም» አለ። «ጠረጴዛዬን በሕይወት ሳለሁ ለሚሠራበት ሰው ልስጠው እፈልጋለሁ። በመኸር ማብቂያው ትልቅ ውድድር ዕለት፣ ከተኩሱ በኋላ፣ እሠራለሁ የሚል የራሱን ሽጉጥ ያምጣ። በድምፁ እለያለሁ።»

«ሁለት ጥሩ ቢገኝስ?» አለ ጉስ።

«ጠረጴዛ በመጋዝ አይከፈልም። የአንድ ሰው ነው።»

ሁላችንም ለማን እንደተባለ ገብቶናል። ሁለት ሰው ነን፤ እኔና እሱ። ክራውደር ዞሮ፣ «ቨርሊን፣ ያንተ መሆን ያለበት ይመስለኛል። እዚያ ያደግኸው አንተ ነህ» አለኝ። እንዲህ ይልሃል! ያውም በሰው ፊት! ምጽዋቱን ወርውሮ ልብህን ያፈርሰዋል። «በሽጉጣችን ይታያል» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ጠረጴዛው ቤቴ ይገባል፤ ሃሎራን ሽጉጡን ይዞ በሬን ያንኳኳል፤ እኔም ቀና ሳልል፣ «እዚያ አስቀምጠው፣ ወረፋ አለ» እለዋለሁ። ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ እሑድ ናዲን ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ለምሳ እዚያው ስትቀር ሽጉጧን ከመሳቢያዋ አወጣሁ። ባዶ መሆኑን አየሁና መዶሻውን ሳብኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ብረት አይመስልም። ራሱ ወደ ጣትህ ይመጣል። ቀጥዬ የራሴን ሳብኩ። ያን ያህል ዓመት የለፋሁበት የራሴ ሽጉጥ በዚያች ደቂቃ የጋሪ እግር ሆነብኝ።

ወዲያው ወደ ጎተራው ሄድኩና የራሴን ፈታሁት። ሞላዋ ቀድሞም በበቂ ቀጥና ነበር፤ ግን ከናዲን ሽጉጥ መቅለል አለባት። ሞረዱን አነሳሁ። ትንሽ ነካሁና ገጥሜ ሳብኩ፤ ገና ናት። ፈታሁና ደገምኩ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለሳለስኳት። ናዲን ስትመለስ መዶሻዬ በልጅ ጣት የሚሳብ ሆኖ ነበር። ጓሮ ወጥቼ በመደርደሪያው ላይ የቀሩኝን አሮጌ ጥይቶቼን ተኮስኩ፤ አንዱም አላሳፈረኝ። ከደስታዬ የተነሳ ለውሻው ቤከን ሰጠሁት።

የሽጉጥ ሰው ከሆናችሁ ምን እንደረሳሁ ገብቷችኋል። ጥይታችንን የምንሞላው ራሳችን ነን፤ ዘንድሮ ደግሞ ማቀጣጠያ፣ ማለትም ከጥይቱ ቂጥ ላይ ገብታ መዶሻው ሲመታት ባሩዱን የምታነድደው ቆብ፣ የጠፋበት ዓመት ነው። ያ የለመድነው፣ ቆርቆሮው ልል የሆነው፣ ከገበያ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ጓሮ የተኮስኩት የእሱን ትራፊ ነው። ለውድድሩ የሞላሁት መደብሩ ውስጥ በተገኘው በጠንካራው ዓይነት ነበር። ጠንካራ ማቀጣጠያ ጠንካራ ምት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ የሽጉጤን ጉልበት በሞረድ ጨርሼዋለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው።

ውድድሩ ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ብቻ ይነክስ ነበር። ከሦስት አውራጃ ሰው መጥቷል። ሃሎራንም ነበረ፤ አርጅቶ በዱላ ነው የሚሄደው፣ ሳቁ ግን ያው ነው። ኦሪን ተጣጣፊ ወንበር ላይ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ ከተኳሹ ጀርባ ተቀምጧል።

ተራዬ ደረሰ። አምስት ጥይት አጎረስኩ፤ ስድስት ጎራሽ ይባል እንጂ መዶሻው ሁልጊዜ ባዶው ቀዳዳ ላይ ነው የሚተኛው። ጉስ የሰዓቱን መሣሪያ ከትከሻዬ በላይ ያዘ።

«ተዘጋጅተሃል?»

«ከአንተ ሆድ በቀር ሁሉም ዝግጁ ነው።»

ጮኸ መሣሪያው። መዘዝኩ፣ ሳብኩ፣ ለቀቅኩ። ቀጭ።

ምንም።

ሳብኩ። ይኸኛው ተኮሰ፤ ብረቱ ጮኸ። ሳብኩ። ቀጭ። ሳብኩ። ቀጭ። በጉድጓዱ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ የሚሰማው የእኔን ቀጭታ ነው። የመጨረሻውንም ሳብኩ። ቀጭ። አፈሙዙን ወደ አፈሩ ግድግዳ እንደያዝኩ ቀረሁ። እጄ ላይ ያለው የአጋዘን ቀንድ ላብ በላብ ሆነ።

«አኩርፋሃለች፣ ቨርሊን» አለ ጉስ፤ አሁን ግን ሳቁ አልመጣለትም። ሳቅ ይሻለኝ ነበር።

«ሞላዋን ገድሏታል» አለ አንዱ ከኋላ።

«መጥረጊያ ስጡት!» ያለው ሃሎራን ነው። አልረሳም ሰውዬው! እኔ ብቻ የማስታውሰው ይመስለኝ ነበር።

በእኛ ደንብ ሽጉጡ የተበላሸበት ሰው ለሚቀጥለው ዙር ተውሶ መተኮስ ይችላል። ጥይቶቼን አራግፌ ወደ መኪናዬ ስሄድ ክራውደር ከፊቴ ቆመ። የራሱን ሽጉጥ የጥይት ማስገቢያው ተከፍቶ፣ ባዶውን፣ በእጀታው በኩል ዘረጋልኝ። የራሱን ጥይትም በከረጢት ይዟል።

«ውሰደው፣ ቨርሊን።»

«የናዲንን እወስዳለሁ።»

«የናዲን ለእጅህ ጠባብ ነው። ይኸንን ውሰድ።»

ዙሪያችንን ሰው ቆሟል። ናዲንም ቆማ ታየኛለች። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ልቤ ሞቅ አለ። ወስጄ ሆን ብዬ እስታለሁ! አንዱን እመታለሁ፣ አራቱን እስታለሁ፤ ከዚያ ራሴን ነቅንቄ ሽጉጡን እመልስለታለሁ። አላማርርም፣ አልናገርም፤ ራስ መነቅነቅ ብቻ። ሰዉ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ካፈርኩ አይመልሰኝ!

«እሺ» አልኩ።

ጉስ መሣሪያውን አስጮኸ። መዘዝኩ። የመጀመሪያውን ልምታ ብዬ ሳብኩ። መዶሻው መጣ። የናዲንን አውቃለሁ አይደል? የናዲን ለዚህ ልምምድ ነበር። ያ ብረት በጣቴ ስር እንዴት እንደመጣ ልነግራችሁ አልችልም፤ የተማረ ሰው ይንገራችሁ። ብረቱ ሰሌዳ ጮኸ። ሁለተኛውን ልስት ነበር። እምላለሁ፣ ልስት ነበር። ግን እጄ አልታዘዘኝም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ሽጉጥ ሲጠብቅ የኖረ እጅ ሲያገኘው ጌታውን ይከዳል። ሁለተኛው ጮኸ፣ ሦስተኛው ጮኸ፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ጭሱ ነፋሱ ሳይወስደው ጨረስኩ።

ጉስ ሰዓቱን አየ፤ ዓይኑን ጠርጎ ደግሞ አየ። «የዛሬው ፈጣን!» ብሎ ጮኸ። «ሰዎች፣ የዛሬው ፈጣን ቨርሊን ነው!»

ባርኔጣዎች ተወረወሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ አደመቀኝ፣ እሱ ነው ያቃጠለኝ። ጭብጨባው በጆሮዬ ሲገባ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንተ እንዲህ መተኮስ ትችል ነበር፣ ያጣኸው እንዲህ የሚሠራልህን ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ አንተ አይደለህም።

ተኩሱ አለቀ፤ ቺሊው ተበላ። የኦሪን መኪና ጀርባ ተከፍቶ ብርድ ልብሱ ተነጠፈበት። ክራውደር ሽጉጡን አስቀመጠ። ሰዉ እኔን አየ። የእኔንም አስቀመጥኩ፤ ባላስቀምጥ ሸሸ ይሉኛላ። ኦሪን ዱላውን ተደግፎ ተነሳና ቀረበ። ሽጉጦቹን አነሳቸዋለሁ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ ግን መልሶ ሰበሰበው።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ። «እጄን አይታችኋል። ጆሮዬን ግን አላያችሁም። ጆሮዬ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የምሰማችሁ ከንፈራችሁን እያየሁ ነው። አሁን መዶሻ ብስብ ዝምታ ነው የምሰማው።»

«ታዲያ በድምፁ እለያለሁ ያሉት?» አለ ጉስ።

«ጆሮ እዋሳለሁ።» ዞረና ወደ እኔ አየ። «ና፣ ቨርሊን።»

«እኔ?»

«በሱቄ ካለፈው ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ የሚለይ አንድ አንተን አውቃለሁ። በር ላይ መጥረጊያ ይዘህ ቆመህ፣ ጀርባህን ሰጥተህ፣ የማን ሽጉጥ እንደሳብኩ ትነግረኝ ነበር። አንድም ቀን ተሳስተህ አታውቅም። እጅህ ችኩል ነበር። ጆሮህ ግን ከእኔ ይበልጥ ነበር።»

ተመልከቱ እንግዲህ! ሠላሳ ዓመት! ይህን ቃል ያኔ ሃሎራን ፊት ቢለኝ ኖሮ ሌላ ሰው እሆን ነበር። ሳይለኝ ኖሮ፣ ኖሮ፣ ዛሬ ነው የሚለኝ፤ እሱንም ጠረጴዛውን በገዛ አፌ ለሌላ ሰው እንድሰጥበት።

«የራሱን ሽጉጥ ራሱ ሊዳኝ?» አለ ሃሎራን።

«እዳኛለሁ» አልኩ።

የራሴን አንስቼ በጆሮዬ አጠገብ ሳብኳት። ልል ናት፤ አራቱም ድምፅ አለ፣ ግን ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ነው የምትለው። አስቀመጥኳት። የክራውደርን አነሳሁ። ክራውደር ባርኔጣውን አውልቆ በሆዱ ላይ ይዞታል፤ እንደ ተማሪ። መፍራቱን ያን ጊዜ አየሁ። ሰውዬው የእውነት ፈርቷል፤ አሁን ዕጣው በአፌ ውስጥ ነው ያለው። ሦስተኛው ላይ ይጎትታል ብል ማን ያውቃል? ማንም። እሱ ራሱ ያምነኛል፤ ይቅርታ ጠይቆኝ እንደገና ሊያስተካክለው ቤቱ ይወስደዋል። ጠረጴዛውም ጎተራዬ ይገባል።

ሳብኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ኦሪን ከንፈሬን እያየ ይጠብቃል። ያ ፊት፤ ያ በበርት ሃሎራን ፊት ዕቃ ከእጄ የወሰደ ሰው ፊት። ድንገት ጠረጴዛውን አልፈለግኩትም። ሌላ ነገር ፈለግኩ።

«ከእርስዎ ሥራ ይበልጣል» አልኩ።

«ድገመው፣ ነፋሱ ዓይኔን እያስለቀሰው ነው። አላየሁህም።»

ጠጋ አልኩና ጮህኩ። «ከእርስዎ ሥራ ይበልጣል አልኩ! እርስዎ በዕድሜዎ ሙሉ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ሠርተው አያውቁም! ሁሉንም ሰምቻቸዋለሁ፤ በር ላይ ቆሜ!»

የሽማግሌው አገጭ ትንሽ ወደ ታች ወረደ። ጎበዝ፣ መታሁት። በዚያ ቀን አስቤበት የመታሁት እሱን ብቻ ነው። ሰሌዳዎቹ እንዲያው ነው የጮኹት።

«ይህን ያህል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ይህን ያህል።»

ሽጉጡን በዓይኑ ብቻ አየው። «እንግዲያ የእሱ ነው» አለ። «አመሰግናለሁ፣ ቨርሊን።» እሱ ደግሞ! ስትመታው ያመሰግናል።

ክራውደር ቀይ ሆኖ መጣ። «ቨርሊን፣ ስማ፣ ጠረጴዛው አንተ ጋ ይሁን፤ እኔ እየመጣሁ—»

«እንዳትጨርሳት» አልኩት።

በመኪና ስንመለስ ናዲን ባርኔጣዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከከብት መሻገሪያው አጥር ስናልፍ፣ «ጥሩ አደረግህ» አለች።

«ምን አደረግሁ?»

«እውነቱን ተናገርህ።»

«እውነት ለመናገር አልነበረም።»

«አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት አብሬህ ነው የኖርኩት። ቢሆንም» አለችና በመስኮቱ ማየት ጀመረች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ሞላዋን እንዲቀይርልህ ለዶክተር አንሰል ልንገረው?»

«ሽጉጤን የሚነካ እጅ አይኖርም!»

«እሺ፣ አትጩህ። እኔ ጆሮዬ ደህና ነው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠረጴዛውን ወሰድነው። ወሰድነው የምለው፣ ያን የሚያህል ነገር የሚችል መኪና ያለኝ እኔ ስለሆንኩ ነው፤ ጉስ ስልክ ደውሎ፣ «እምቢ ካልክ ቀናተኛ ትባላለህ፣ እሺ ካልክ ሞኝ ትባላለህ፣ ምረጥ» አለኝ። ሄድኩ። ኦሪን በሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰላም አልኩት፣ ራሱን ነቀነቀ።

ክራውደር ሞርሳው ያለበትን ጫፍ ሊይዝ ጎንበስ ሲል አየሁት። እነዚያን ንጹሕ ጣቶቹን ከእንጨቱ ስር አስገብቷል። ያ ጫፍ ከሥሩ የብረት ሰሌዳ አለው፤ ከላይ አይታይም። የማያውቀው ሰው ካነሳው ጣቱን ይቀጠቅጥበታል። ለአፍታ ዝም ብዬ አየሁት። እነዚያ ጣቶች።

«ተው እሱን» አልኩት። «እዚያኛው ጋ ሂድ። ከባዱ ይኸኛው ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሂድ አልኩህ፣ ክራውደር።»

ዞሮ ቀላሉን ጫፍ ያዘ። ጎንበስ ብዬ ከባዱን ያዝኩ፤ ጉልበቴ ጮኸ፣ ወገቤ ጮኸ። ከበሩ ደፍ ስናወጣው ከሥሩ አሮጌ የብረት ብናኝ ቦት ጫማዬ ላይ ረገፈ። «በአንተ በኩል ቀስ» ይለኛል እሱ ከወዲያ። እኔ ደግሞ ጥርሴን ነክሼ፣ ወደ እሱ ቤት፣ ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ተሸከምኩለት።